ትራኩ ሳይቆም

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኤፕሪል 28፣ 2025

ይድረስ ለወርቅነህ፤

«እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንን» ብዬ እንዳልጀምር፣ ብዙ ነገር ሆነናል። ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። በዚህ አገር ከመብራት ድርጅትና ከኢንሹራንስ በቀር ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው ስለሌለ፣ ፖስታውን ሳየው ምን ያልከፈልኩት ነገር አለ ብዬ ነው የደነገጥኩት።

ስልክህን ሳዮቶ ወንዝ መጣልህ ብልህነት ነው። መኪናህን እዚያው ድልድዩ አጠገብ አቁመህ መሄድህ ግን አይደለም። ፖሊሶች ወንዙ ውስጥ ሬሳህን ሲፈልጉ ሰነበቱ። ወንድሞችም ዳር ቆመው በሕይወት እንድትገኝ ጸለዩ። ጸሎቱ ተሰምቷል ማለት ነው።

ማንም አይደርስብህም። መርማሪዋ «እዚህ አገር ዘመድ አለው?» አለችኝ፤ የለውም አልኳት። በወረቀት እውነት ነው። እትዬ ፋንቱ የእናትህ የሰፈር ልጅ ናቸው እንጂ አክስትህ አይደሉም፤ አንተ አክስቴ እያልክ ማደግህን ደግሞ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት አልተቋቋመም። የምትተኛው መንግሥት በማያውቀው ዝምድና ውስጥ ነው።

ያን ሁሉ ሰው በሞላው አዳራሽ ለምን አንድም ሰው እንዳልያዘህ ለጠየቅኸኝ፤ ማንም ስላላየህ ነው። የፋሲካ ኮንፈረንስ ነው፣ ዘማሪት ሔርሞን ከአዲስ አበባ መጥታለች፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘርግቷል። የኛ ሰው አምልኮ ላይ ዓይኑን የሚገልጠው ሙዚቃው ሲቆም ነው። ሙዚቃው ደግሞ አልቆመም። ድሮ ቢሆን አንተ ከድራሙ ስትነሳ ድራሙ ዝም ይላል፤ ሚልኪ ከወንበሩ ሲወድቅ ኪቦርዱ ዝም ይላል፤ ሰው ይነቃል፣ አስተናጋጆቹ ይሮጣሉ፣ አንድ ጊዜ መትተህ ትያዛለህ። አሁን ግን ላፕቶፑ ውስጥ የተቀዳው ድራምና የተቀዳው ኪቦርድ ቀጠሉ። መድረኩ ላይ ሰው ደሙ እየፈሰሰ ባንዱ አንድ ኖታ አልሳተም። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ቀን ተስማምተን ተጫውተን አናውቅም።

እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አላመልክም፤ የድምፅ ሠራተኛ ነኝ፣ ከኋላ ሚክሰሩ ላይ ነው የምቀመጠው። የሲምባሉን፣ የድራሙን የናስ ሳህን፣ ብረት መቆሚያ ነቅለህ በሁለት እጅህ ስታነሳ አየሁ። የመጀመሪያው ትከሻው ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ጆሮ ግንዱ ላይ። ከፊቴ ያሉ አንዲት እናት «አሜን፣ ጨምርልን!» እያሉ ነበር። የአዳራሹን ድምፅ በሙሉ ዘጋሁት። ሰውም ዓይኑን ገለጠ። ገልጦ ግን የዞረው ወደ መድረኩ መሰለህ? ድምፅ ሲጠፋ ጥፋተኛው ምንጊዜም የድምፅ ሠራተኛው ነውና ስድስት መቶ ሰው ወደ እኔ ዞሮ ተቆጣኝ። በሁለት እጄ መድረኩን እያሳየሁ ስጮህ፣ «ድምፁን መልስ እንጂ!» ይሉኛል። የመጨረሻውን ምት ከጀርባቸው መታህ።

ሚልኪ ሆስፒታል ነው። የራስ ቅሉን ከፍተውለት በመሣሪያ ይተነፍሳል። ከዚህ በላይ አላውቅም፤ ሳውቅ እጽፍልሃለሁ።

ተፈሪ

* * *

ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ
ሜይ 5፣ 2025

ጋሼ ተፈሪ፣

ጌታ ይባርክዎት ለማለት አፌ እምቢ አለኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። እትዬ ፋንቱ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነኝ። ልጃቸው «ሁ ኢዝ ሂ?» ሲላቸው «ካዝንህ ነው» ይሉታል። ትናንት ልጁ ሲበላ ጠረጴዛውን በማንኪያ ይመታል፣ ይመታል። ማንኪያውን ቀምቼ አጎበጥኩት። እስካሁን አያናግረኝም።

ሚልኪ ትራክ፣ ያን የተቀዳ ሙዚቃ፣ ስላመጣ የመታሁት ይመስልዎት ይሆናል፤ አይደለም። ትራክ እጠላለሁ፤ ይህን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ያውቃሉ። ትንሽ ባንድ ትልቅ እንዲመስል ከላፕቶፕ ቫዮሊን ይጨመር ሲሉ ግን ዝም ብያለሁ። በማዳመጫ ጆሯችን ውስጥ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ምት የሚቆጥር ፈረንጅ ሲከቱብንም ችያለሁ። ሚልኪ ግን ልምምድ ላይ የኔን ድራም ይቀዳ ነበር። «ለራሴ መለማመጃ ነው ወርቄ» ይለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ሔርሞን አዝማቹን ደገመችው። ሰው ማልቀስ ሲጀምር ሌላ ጊዜ ደገመችው። እርስዎ ያውቃሉ፣ እንዲህ ሲሆን ባንዱ አብሯት ይቀራል፤ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ይቀራል፤ ሥራችን ያ ነው። እኔም ቀረሁ። ትራኩ ግን አልፎ ሄደ። ሚልኪ እሷን በዓይኑ ጠርቶ ወደ ትራኩ መለሳትና የኔን የድራም ማይኮች ከላፕቶፑ ላይ ዘጋቸው። ዱላዎቼን ወደ ላይ አነሳሁ። ድራሙ አልቆመም። ጋሼ፣ ያም እኔ ነበርኩ። ባለፈው ክረምት የመታሁት የገዛ እጄ ነው። ከፊት ያለች አንዲት ሕፃን በጣቷ አሳየችኝና ሳቀች። ወደ ሚልኪ ስዞር እሱም ይስቃል። ለሕፃኗ ይሆናል የሳቀው። ይህ የታየኝ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው።

አሁን የምልዎትን ይያዙልኝ። ከተረፈ እመጣለሁ። በአውቶቡስ መጥቼ ለፖሊስ እጄን እሰጣለሁ፤ እናቱ ፊት እንበረከካለሁ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ። ካልተረፈ ግን አትፈልጉኝ። ይህ ከተማ ስሙን ያገኘው ከፏፏቴው ነው፤ ከእትዬ ፋንቱ ቤት በእግር ይደረሳል። ሄጄ አይቼዋለሁ።

አለ ወይስ የለም? ሌላውን ወሬ ይተዉልኝ።

ወርቅነህ

* * *

ኮሎምበስ
ሜይ 13፣ 2025

ይድረስ ለወርቅነህ፤

ጽሑፌ ወዲያና ወዲህ ቢል አትፍረድብኝ፤ ፊቴ አብጦ አንድ ዓይኔ ተጨፍኗል። በመጨረሻ እኔም እንደ ሰው ጨፍኜ ማምለክ ጀመርኩ በል።

ኤልናታን ነው፣ የሚልኪ ታናሽ ወንድም። ሂሊያርድ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተደግፎ ጠበቀኝ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ስለሆነ አማርኛውን የሚያወጣው ለበዓልና ለይቅርታ ብቻ ነው።

«ዌር ኢዝ ሂ?» አለኝ።

«ማን?»

«ዶንት ዱ ዛት፣ ጋሼ። ዌር ኢዝ ሂ?»

«ልጄ፣ እኔ አላውቅም። ወንዝ ገብቷል ሲሉ ነው የሰማሁት።»

«ዩ አር ላይንግ።»

ከጀርባው የቤዝቦል ዱላ አወጣ። «ጋሼ ተፈሪ፣ በጣም ይቅርታ» አለኝ፤ ይህን በአማርኛ ነው ያለው፣ እናቱ አሳድጋዋለች፤ ከዚያ አፌን መታኝ። ሁለት የፊት ጥርስ ወለቀ። አንዱ ሰው ሠራሽ ነበር፣ ለእሱ አላዘንኩም። ስወድቅ ጎኔን በእግሩ ደገመኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው የልደት ኬኩን የቆረስኩለት ልጅ ነው። የምንከባከባቸው አሮጊት በመስኮት አይተው ስገባ «አንተም ወደቅህ?» አሉኝና በረዶ ሰጡኝ። አብረን ስንወድቅ የኖርን ይመስላቸዋል።

ከእኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ድራምህ የለም። የከበሮዎቹን ቆዳ አንድ በአንድ ቀደደ፣ ትልቁን በእግሩ በረቀሰው፣ ሲምባሎቹን ግድግዳው ላይ እየወረወረ አጎበጣቸው። የጽዳት ሠራተኛው ልምምድ መስሎት አላቋረጠውም።

ሽማግሌዎቹም ተሰብስበዋል። አንደኛው አጀንዳ ጸሎት ነበር፣ ሁለተኛው የመድረኩ ምንጣፍ። ደሙ አልለቅ ብሏል። አንድ ወንድም ቀይ ምንጣፍ ብንገዛስ አለ። ሁለት ሰው ደገፈው። ይህን የምጽፍልህ ሊያስቅህ ይችላል ብዬ ነው።

ስለ ሚልኪ፤ ከዓርብ ጀምሮ መሣሪያውን ነቅለውለታል። ምንም ሕመም የለበትም። ሐኪሞቹም ከእንግዲህ የሚያሰጋው ነገር የለም ብለዋል።

ና፣ ወርቅነህ። ሌላ ደብዳቤ ሳትጠብቅ ና።

ተፈሪ

* * *

ሱ ፎልስ
ሜይ 19፣ 2025

ውድ ጋሼ ተፈሪ፣

ጌታ ይባርክዎት! አፌ ተፈታ። «ምንም ሕመም የለበትም» የሚለውን ለእትዬ ፋንቱ አነበብኩላቸው፤ እሳቸው እልል ሲሉ ልጃቸው ከፎቅ ሮጦ ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እንቅልፍ የያዘኝ። ጥርስዎን በተመለከተ ምን ብዬ እንደምክስዎት አላውቅም። ለኤልናታን ግን ድራሙን በመስበሩ ደግ አደረግህ ይበሉልኝ።

ሚልኪ መናገር ጀመረ? ይበላል? ግራ እጁስ? ኪቦርድ ላይ ግራ እጁ ነበር ጎበዝ። ደግሞ ዓርብ የነቀሉትን ማክሰኞ ሲጽፉልኝ ምን ያህል እንደተሻለው አልነገሩኝም፤ በዝርዝር ይጻፉልኝ።

ይህችን አልጋው አጠገብ ቆመው ያንብቡለት፦ «ሚልኪ፣ ስትነሳ ያንኑ ብረት ይዘህ የልብህ እስኪደርስ ምታኝ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እቆምልሃለሁ። አልቆጥርብህም።»

የወሩ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። እትዬ ፋንቱ የአውቶቡሱን ትኬት ቆርጠውልኛል።

ወርቅነህ

* * *

ኮሎምበስ
ሜይ 27፣ 2025 (በአስቸኳይ ፖስታ)

ወርቅነህ፣

መልእክትህን ለሚልኪ አላነበብኩለትም። ሚልኪ ሜይ 9 ዓርብ ቀን ሞቷል። መሣሪያውን የነቀሉት ስለሞተ ነው። ባለፈው የጻፍኩልህን መለስ ብለህ ብታየው አንድም የሐሰት ቃል የለበትም፤ በጥንቃቄ ነው ያዘጋጀሁት፣ ስጽፈውም ነውረኛ መሆኔ ይታወቀኝ ነበር። ስለ ፏፏቴው ባትነግረኝ ኖሮ ሞተ ብዬ እጽፍልህ ነበር። ትኬቱ በእጅህ እስኪገባ ልጠብቅ ብዬ ነው።

አሁን ግን ልጠብቅ የማልችልበት ምክንያት መጣ፤ ከቀብሩ ልጀምር።

መዘምራኑ ሊዘምሩለት ቆሙ፤ የሚጫወት የለም። ኪቦርዱ ሞቷል፣ ድራሙ ሸሽቷል። አንድ ብልህ ሰው «ላፕቶፑ አለ አይደል?» አለ። ተከፈተ። ስለዚህ ሟቹ በገዛ ቀብሩ ላይ ኪቦርድ ተጫወተ፣ አንተም ድራም መታህለት። ሰው ዓይኑን ጨፈነ፣ አለቀሰ። ኤልናታን አልጨፈነም። ወደ እኔ መጥቶ በጆሮዬ «ሁ ኢዝ ፕሌዪንግ ዘ ድራምስ?» አለኝ። ዝም አልኩት። ዝምታዬን ከአማርኛዬ በተሻለ ነው የሚረዳው። ላፕቶፑን አንስቶ በመድረኩ ጠርዝ እስኪሰነጠቅ መታው። ስፒከሩን ገፍቶ ጣለው፤ ስፒከሩ አንዱን አስተናጋጅ ግንባሩን ከፈተው፣ ሊይዙት የመጡትን ሁለቱን በክርኑ አፍንጫቸውን አደማ። እናቱ በስሙ ስትጠራው የሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ነጭ ሸሚዝ ደም ለብሶ ነው ከቀብር የተመለስነው።

ፖሊስ ዝምድናን በወረቀት ይፈልጋል። ኤልናታን ግን ሞርስ ሮድ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ «ወርቅነህ አክስት የሚላት ሴት አለች?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ጉርሻውን ሳያቋርጥ «ፋንቱ፣ ሱ ፎልስ» አለው። ዛሬ ጠዋት እናቱ ከቤቷ ደወለችልኝ። «መኪናውም ዱላውም የለም፤ አንዱን ቀብሬ ሌላውን ልታሰርብኝ ነው፤ የምታውቀው ካለ አስጠንቅቀው» አለችኝ። የልጇን ገዳይ አስጠንቅቀው ያለችኝ እሷ ናት። ይህን አስብበት።

እትዬ ፋንቱ የማያውቁትን ቁጥር አያነሱም፤ ቮይስሜይላቸውም ሞልቷል። ይህን እንዳሸግሁ ለመርማሪዋ ደውዬ ያለህበትን እነግራታለሁ። ከኤልናታን ዱላ የነሱ ካቴና ይሻልሃል። ተቆጣኝ፤ ግን ኑርና ተቆጣኝ።

ጠበቃም አነጋግሬያለሁ። ተስፋ አለው ይላል። ጆሮህ ውስጥ ያለው ማዳመጫ በትራኩ ስለተሞላ ምንም አልሰማህም፣ አንዴ ከጀመርክ በኋላ ሚልኪም ሰውም ያለ አልመሰለህም ብሎ ይከራከራል። በጆሮህ ውስጥ ምን ያህል ድምፅ እንደነበረ የሚያውቀው የድምፅ ሠራተኛው ብቻ ነው። እኔ እመሰክራለሁ። ምንም ሊሰማ አይችልም እላለሁ።

ወደዚያ ውኃ አትሂድ።

ተፈሪ

* * *

ኮሎምበስ፣ እስር ቤት
ጁን 16፣ 2025

ጋሼ ተፈሪ፣

ይህን በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ስለ ጽሑፉ ይቅርታ። ደብዳቤዎ ከኤልናታን በኋላ ነው የደረሰው። እትዬ ፋንቱ እዚህ ድረስ ላኩልኝ።

አልተቆጣሁም። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዱላውን አነሳ። እኔ ደግሞ ሳየው ደስ አለኝ፤ «ሚልኪ እንዴት ነው?» አልኩት። ዱላው በአየር ላይ ቀረ።

«ዋት ዲድ ዩ ሴይ?»

«ተሻለው አይደል? ጋሼ ተፈሪ ጽፈውልኛል።»

«ሂ ኢዝ ዴድ፣ ማን» አለኝ። ከዚያ ያልገባኝ መስሎት በአማርኛ ደገመው። «ሞቷል። ወንድሜ ሞቷል።»

ቀኝ እጄን የበሩ መቃን ላይ ዘርግቼ አስቀመጥኩለት። መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። እጄን አላነሳሁም፤ ደገመኝ። ጣቶቼ ወደማይታጠፉበት ታጠፉ። ሦስተኛውን ጭንቅላቴ ላይ ሲያነሳ እትዬ ፋንቱ በመወልወያ እንጨት ከኋላው ደረሱ። እሱን ጀርባውን፣ እኔን ፊቴን፣ ማን እንደጀመረ ሳይጠይቁ ሁለታችንንም ደበደቡን። «በእኔ ቤት! በልጄ ፊት!» ይላሉ። ኤልናታን ዱላውን ጥሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ። እጄ እየደማ፣ እሱ እያለቀሰ፣ እሳቸው ከላያችን ቆመው እየሰደቡን ነው ፖሊስ የደረሰው። በሩ ነው እጄን የያዘኝ አልኳቸው። ፖሊሱ በሩን አየ፣ ዱላውን አየ፣ በሩ ነው ብሎ ጻፈ።

ወደ ውኃው አልሄድኩም። ለመሄድ ጊዜ አልሰጡኝም፤ አሁን ደግሞ አልፈልግም። ጠበቃው መጥቶ እርስዎ የሚመሰክሩትን ነገረኝ። አንድ ነገር ልለምንዎት ነው የምጽፈው።

እርስዎ የዘጉት የአዳራሹን ድምፅ ነው። የኛ ጆሮ አልተዘጋም። ሚልኪ ለባንዱ የሚናገርባትን ትንሿን ማይክ ያውቋታል፤ ሕዝቡ አይሰማትም፣ እኛ በጆሯችን፣ እርስዎም በማዳመጫዎ እንሰማታለን። ከወንበሩ ሲወድቅ አብራው ወደቀች፣ አፉ አጠገብ። ሳይጮህ፣ «አዝማች፣ እንደገና» በሚለን በዚያው ድምፁ «ወርቄ፣ በቃኝ» አለኝ። በትራኩ ላይ ጥርት ብሎ ሰማሁት። የመጨረሻውን የመታሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሌሎቹ ማዳመጫቸውን ጥለው ሸሽተው ነበር። እርስዎ ሰምተዋል። ይህን ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፉልኝ አንድም ጊዜ ስላላነሱት ነው መስማትዎን ያረጋገጥኩት።

ይህ ከተነገረ ምን ያህል እንደሚፈርዱብኝ ጠበቃው አስረድቶኛል። ተጣልተናልም፤ ወንበሩን በግራ እጄ ወርውሬበት ጠባቂዎቹ መሬት ላይ አስተኙኝ። እሱ ሊያድነኝ ነው የሚፈልገው፣ እርስዎም እንደዚሁ። የሚልኪ እናት ግን ችሎቱ ውስጥ ይቀመጣሉ። ልጃቸው በድንገት፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የሞተ ይመስላቸዋል። ተናግሯል እኮ። ለመነኝ። እኔ ብነግራቸው ከገዳዩ አፍ ነው፤ አያምኑኝም።

ስለዚህ ሲያስምሉዎት እኔን አይዩኝ። «ሰምቶ ነበር?» ሲሉዎት «ሰምቷል» ይበሉ። «ምን አለው?» ሲሉዎት ደግሞ ወደ እናቱ ዞረው በአማርኛ ይንገሯቸው። አስተርጓሚው ከኋላ ይድረስ።

ወርቅነህ